ምዕራፍ ሰባት፦ ጥርስ የሚጠበቀው ሳይታመም ነው

ማለዳ ከሰበታ በጅማ መንገድ፣ ከቡራዩ በአምቦ መንገድ፣ ከሱሉልታ ደግሞ የእንጦጦን ተራራ አልፎ ወደ አዲስ አበባ የሚገባው ሰው ብዙ ነው። ሥራ የሚገባ አለ፣ ትምህርት ቤት የሚሄድ አለ፣ ዕቃ ሊያመጣ መርካቶ የሚወርድ ነጋዴ አለ። ከመካከላቸው ጉንጩን በነጠላ ወይም በሻርፕ ጠቅልሎ ጥግ ይዞ ዝም ያለ ሰው አይጠፋም። ሌሊቱን እንዳልተኛ ዓይኑ ያስታውቃል። መጀመሪያ ቅርንፉድ ነከሰ፤ ቀጥሎ ማስታገሻ ዋጠ፤ ከዚያ ከሰፈሩ መድኃኒት ቤት አሞክሳሲሊን ገዝቶ ሁለት ቀን ወሰደና ሲሻለው ተወው። ሕመሙ ሲመለስ ብሶ መጣ። አሁን የቀን ገቢውን ትቶ፣ የታክሲ ከፍሎ የሚሄደው ጥርሱን ሊያስነቅል ነው። ወንበሩ ላይ ሲቀመጥም የሚለው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «ዶክተር፣ እባክዎ ንቀሉልኝ።»

ይህ ምዕራፍ የተጻፈው ያ ቀን ወደ ቤታችሁ እንዳይመጣ ነው። ጥርስ ተቦርቡሮ ነርቩ እስኪነካ ድረስ ወራት፣ አንዳንዴም ዓመታት ይፈጃል። በዚያ ሁሉ ጊዜ አይጠዘጥዝም፣ እንቅልፍ አይነሳም። ድድም እንዲሁ ነው፤ ጥርስ እስኪነቃነቅ ድረስ ሳያም ይጎዳል። ሕመም የመጨረሻው ምልክት በመሆኑ፣ የአንድ ቤተሰብ ጥርስ የሚተርፈው ወይም የሚጠፋው ምንም በማይሰማበት ተራ ቀን ላይ ነው። «ሳይቃጠል በቅጠል» የሚለው ምክር ከጥርስ የበለጠ የሚስማማው ቦታ የለም።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2022 መጨረሻ ባወጣው ሪፖርት ወደ 3.5 ቢሊዮን የሚጠጋ ሕዝብ፣ ማለትም የዓለም ግማሽ ያህሉ፣ የአፍ ውስጥ በሽታ እንዳለበት ገልጿል። ከእነዚህ ሕመሞች አብዛኞቹን መከላከል ይቻላል። ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ በሸገር ከተማ ሥር የተጠቃለሉ፣ ፋብሪካውም መኖሪያ ቤቱም በፍጥነት የበዛባቸው ከተሞች ናቸው። ከተማ ሲሰፋ ሱቁ ደጃፍ ድረስ ይመጣል፤ ከረሜላው፣ ብስኩቱና ለስላሳው አብሮት ይመጣል። የጥርስ ሐኪም ግን በዚያ ፍጥነት አይደርስም። እስኪደርስ ድረስ የቤተሰቡ የመጀመሪያ የጥርስ ጠባቂ እናትና አባት ናቸው።

ጥርስን የሚበላው ምንድን ነው?

«ጥርሴን ትል በላው» የሚባልበት ቤት ብዙ ነው። የእንቧይ ፍሬ አጭሰው «ትሉን እናወጣለን» የሚሉም አሉ። ጥርስ ውስጥ ትል የለም። ጥርስን የሚበላው አሲድ ነው፤ አሲዱን የሚሠሩት ደግሞ በዓይን የማይታዩ ባክቴሪያዎች ናቸው።

ጠዋት ጥርሳችሁን ሳትፍቁ ምላሳችሁን ከፊት ጥርሶቻችሁ ጀርባ ብታስኬዱ የሚያሟልጭ ስስ ሽፋን ታገኛላችሁ። የባክቴሪያዎቹ መኖሪያ እሱ ነው። ስኳር የነካው ነገር አፍ ውስጥ ሲገባ ባክቴሪያዎቹ በደቂቃዎች ውስጥ ወደ አሲድ ይለውጡታል። አሲዱ ከጥርሱ ውጫዊ ሽፋን ላይ ካልሲየምና ፎስፌት ያሟሟል። ከዚያ ምራቅ ሥራውን ይጀምራል፦ አሲዱን ያረክሳል፣ የተወሰደውንም ማዕድን ቀስ በቀስ ይመልሳል። ይህ ጥገና ከግማሽ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት ይወስዳል። ሰው በቀን ሦስት ጊዜ በልቶ በመካከሉ ውሃ ብቻ ከጠጣ ምራቁ የጎደለውን ይሞላል። በየግማሽ ሰዓቱ ጣፋጭ የሚቀምስ ሰው ጥርስ ግን ቀኑን ሙሉ አሲድ ውስጥ ይውላል።

ከስኳሩ ብዛት ይልቅ ድግግሞሹ እንደሚጎዳ የታወቀው ሊደረግ በማይገባው መንገድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ በስዊድን ሉንድ ከተማ፣ ቪፔሆልም በሚባል የአእምሮ እድገት ውስንነት ያለባቸው ሰዎች ተቋም ውስጥ ለነዋሪዎቹ ጥርስ ላይ የሚጣበቅ ከረሜላ እየተሰጠ ጥርሳቸው ሲበላሽ ይመዘገብ ነበር። እምቢ ማለት በማይችሉ ሰዎች ላይ የተፈጸመ በደል ነው። ያስገኘው እውቀት ግን እስከ ዛሬ ያገለግላል፦ ጣፋጩን ከምግብ ጋር የወሰዱት ጥቂት ተጎዱ፤ በምግብ መካከል ደጋግመው የሚጣበቅ ከረሜላ የበሉት ጥርሳቸው በብዛት ተበላሸ።

ይህን ወደ ቤታችን እናምጣው። አቦል፣ ቶና፣ በረካ እየተባለ ቡና ሲጠጣ በየሲኒው ሁለት ማንኪያ ስኳር ከገባ ጥርሱ ሦስት ጊዜ አሲድ ያገኘዋል። ጫት የሚቅሙ ሰዎች ቅጠሉን በአንድ ጉንጭ ለሰዓታት ይዘው ለስላሳ ወይም ጣፋጭ ሻይ ሲጠጡበት በዚያ ጎን ያለው ድድ ይሸሻል፣ የጥርሱም ሥር ይጋለጣል። ሕፃን ልጅ ጡጦ አፉ ውስጥ እንዳለ ሲተኛ በውስጡ ያለው ጣፋጭ ወተት ወይም ስኳር የገባበት አጥሚት ሌሊቱን በሙሉ የፊት ጥርሶቹን ያቅፋል። እንቅልፍ ላይ ምራቅ ስለሚቀንስ ጉዳቱ ይብሳል። ገና ሦስት ዓመት ሳይሞላቸው የላይኛው የፊት ጥርሳቸው ጠቁሮ እስከ ድዱ የተሸረፈ ልጆችን የምናየው በአብዛኛው በዚህ ምክንያት ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2015 ያወጣው መመሪያ አንድ አዋቂ ሰው በቀን የሚወስደው የተጨመረ ስኳር ከ50 ግራም እንዳይበልጥ፣ ቢቻል ወደ 25 ግራም እንዲወርድ ይመክራል። 25 ግራም ስድስት የሻይ ማንኪያ ገደማ ነው። አንድ ባለ 300 ሚሊ ሊትር የኮላ ጠርሙስ ብቻውን ከ30 ግራም በላይ ስኳር አለው።

ስለዚህ ለቤተሰብ የሚበጀው ሕግ አጭር ነው። ጣፋጭ ነገር ካለ ከምግብ ጋር ይቅረብ። በምግብ መካከል ውሃ፣ ያልጣፈጠ ወተት፣ ቆሎ፣ ንፍሮ ወይም ካሮት ይብቃ። ቆሎው ድንጋይ እንዳይኖርበት በደንብ ይለቀም፤ ጠጠር የነከሰ መንጋጋ ሊሰነጠቅ ይችላል። ጠርሙስ በጥርስ መክፈትም ከቤቱ ይቅር። ከማታው ፍቂያ በኋላ ከውሃ በቀር ምንም አፍ ውስጥ አይግባ።

ድድ ሲደማ

ጥርስ ሲፋቅ ደም ያየ ሰው ብዙ ጊዜ ሁለት ነገር ያደርጋል፦ ብሩሹን ይወነጅላል፣ ከዚያም መፋቅ ይተዋል። ሁለቱም ስህተት ነው። ጤነኛ ድድ በለስላሳ ብሩሽ አይደማም። የሚደማው ቀድሞ ስለታመመ ነው፤ የታመመውም በአብዛኛው በደንብ ስላልጸዳ ነው።

ይህን በግልጽ ያሳየው የኖርዌይ ተወላጁ ሐራልድ ሎ ነው። እ.ኤ.አ. በ1965 በታተመው ጥናቱ በዴንማርክ ኦርሁስ ከተማ ድዳቸው ጤነኛ የሆነ 12 ሰዎች ጥርሳቸውን ማጽዳት እንዲያቆሙ ተደረገ። ከ10 እስከ 21 ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ የሁሉም ድድ ተቆጣ። እንደገና ማጽዳት ሲጀምሩ በአንድ ሳምንት ገደማ ድዳቸው ወደ ጤናው ተመለሰ። ድዳችሁ ከደማ ያንኑ ቦታ በለስላሳ ብሩሽ ቀስ ብላችሁ፣ ግን ሳታቋርጡ ጠዋትና ማታ አጽዱት ማለት ነው። ከአሥር ቀን እስከ ሁለት ሳምንት ቆይቶ ደሙ ካልቆመ ምርመራ ያስፈልገዋል።

ሳይጸዳ የቆየው ሽፋን ከምራቅ ማዕድን እየወሰደ፣ ማንቆርቆሪያ ውስጥ እንደሚጋገረው ዝቃጭ ይደርቃል። በተለይ ከታችኛው የፊት ጥርሶች ጀርባ ቢጫ ወይም ቡናማ ሆኖ ይታያል። አንዴ ከደረቀ ብሩሽም መፋቂያም አያነሳውም፤ ጥርስ ማሳጠብ የሚባለው ሕክምና የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። «ጥርስ ማሳጠብ ጥርስን ያላላል» የሚለው ወሬ ብዙ ሰው አስቀርቷል። ጥርሱን የሚያላላው በደረቀው ቆሻሻ ሥር የሚጠፋው አጥንት ነው። ቆሻሻው ሲነሳ ቀድሞ የላላው ጥርስ ይጋለጣል እንጂ አዲስ የሚላላ የለም።

በመካከለኛውና በሰሜን ኢትዮጵያ ብዙ እናቶችና አያቶች ድዳቸውን ተነቅሰዋል። ለውበት የተነቀሱ አሉ፤ ድድን ያጠነክራል ተብለው የተነቀሱም አሉ። ንቅሳቱ ድድን ከበሽታ አይጠብቅም። የድዱን መቅላት ስለሚሸፍን ደግሞ በሽታው ሲጀምር በመልኩ አይታወቅም። ድዳቸው የተነቀሰ እናት ካሏችሁ ሦስት ነገር ጠይቋቸው፦ ሲፍቁ ይደማል ወይ? አፋቸው ይሸታል ወይ? ጥርሳቸው ረዝሞ ወይም ተነቃንቆ ያውቃል ወይ? ዛሬ ልነቀስ የምትል ልጅ ካለች ደግሞ ከሰው ወደ ሰው የሚዞር መርፌ የጉበት ቫይረስና ኤች አይ ቪ ሊያስተላልፍ እንደሚችል ንገሯት።

ሁለት ሰዎች ድዳቸውን ከሌላው ይበልጥ መጠበቅ አለባቸው። አንደኛው የስኳር ሕመምተኛ ነው። ስኳር ሲጨምር የድድ በሽታ ይበረታል፤ የድድ በሽታ ሲበረታም ስኳሩን መቆጣጠር ይከብዳል። ሁለተኛዋ ነፍሰ ጡር ሴት ናት። በእርግዝና ጊዜ በሚለዋወጡት ሆርሞኖች ምክንያት ድድ በትንሽ ቆሻሻ ያብጣል፣ ይደማል። «በየልጁ አንድ ጥርስ ይሄዳል» እየተባለ የሚነገረው የተፈጥሮ ዕዳ አይደለም። ጽንሱ ካልሲየም ከእናቱ ጥርስ አይወስድም። ጥርሷን የሚጎዳው ያልጸዳ ድድ፣ ተደጋጋሚ ትውከትና ደጋግሞ የሚቀመስ ጣፋጭ ነው። ካስመለሳት በኋላ ወዲያው ከመፋቅ አፏን በውሃ ተጉመጥምጣ ግማሽ ሰዓት ያህል ትቆይ። የጥርስ ሕክምና ካስፈለጋት እርጉዝ መሆኗን ተናግራ መታከም ትችላለች፤ የሚመቸውም መካከለኛው የእርግዝና ወቅት ነው።

መፋቂያና ብሩሽ

የእኛ ሰው ጥርሱን ማጽዳት የተማረው ብሩሽ ከመምጣቱ በፊት ነው። ወይራ፣ ልምጭ፣ ክትክታ እየተቆረጠ በእስር በየመንገዱ ይሸጣል። የዓለም ጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ1986 መፋቂያ በተለመደበት አገር ሁሉ አጠቃቀሙ እንዲቀጥል አበረታቷል። መፋቂያ ርካሽ ነው፣ ውሃ አይፈልግም፣ ታክሲ ሲጠበቅም ይሠራል። በደንብ ከተጠቀሙበት ያጸዳል።

ደንቡን ያልጠበቀ መፋቂያ ግን ድድ ይልጣል። እርጥብ፣ የጣት ውፍረት የሌለው እንጨት ምረጡ። ጫፉን አንድ ሳንቲ ሜትር ያህል ልጣችሁ፣ እንደ ብሩሽ ጸጉር እስኪበተን ድረስ አኝኩት። ከዚያ ከድድ ወደ ጥርሱ ጫፍ አቅጣጫ ፋቁ፤ በላይኛው ጥርስ ወደ ታች፣ በታችኛው ወደ ላይ። ወደ ጎን እንደ መጋዝ ማስኬድ ድድን ያሸሻል፣ የጥርስንም አንገት ይፈገፍጋል። ጫፉ ሲያረጅ ወይም ሲደርቅ ቆርጣችሁ አዲስ አውጡ። አንድ መፋቂያ ለሁለት ሰው አይሁን።

መፋቂያ የሚሳነው ቦታ አለ፦ የኋላ መንጋጋና የጥርሶች የውስጥ ፊት። አብዛኛው ሰው ከውጭ የሚታየውን ብቻ ፍቆ ይተፋዋል። ስለዚህ ለሁለቱም ጊዜ ባይሆን እንኳ ለማታው ብሩሽ ይኑር። ብሩሹ ለስላሳ ይሁን። ጸጉሩን ድዱና ጥርሱ በሚገናኙበት መስመር ላይ ሰያፍ አድርጋችሁ አሳርፉት፤ ትንንሽ ክብ እየሠራችሁ ሁለት ሁለት ጥርስ አጽዱ። ከውጭ ጀምሩ፣ ወደ ውስጠኛው ፊት እለፉ፣ በማኘኪያው ጨርሱ። በጠቅላላው ሁለት ደቂቃ ይበቃል። ብሩሹ ሲበተን፣ ወይም በየሦስት ወሩ፣ ይቀየር። ውሃ በሚጠፋበት ቀን እንኳ ለዚህ ሥራ ግማሽ ኩባያ ውሃ በቂ ነው።

ሳሙናውና ውሃው

የጥርስ ሳሙና ስትገዙ ከጣዕሙና ከስሙ በፊት ፍሎራይድ እንዳለው ጀርባውን አንብቡ። ፍሎራይድ አሲድ ያሳሳውን ጥርስ ማዕድን መልሶ እንዲይዝ ይረዳዋል፤ አዲስ የተሠራው ሽፋንም ከቀድሞው ይልቅ አሲድ ይቋቋማል። የሚፈለገው መጠን ከ1000 እስከ 1500 ፒፒኤም ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ፍሎራይድ ያለበትን የጥርስ ሳሙና መሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ አስገብቶታል። ከሦስት ዓመት በታች ላለ ልጅ የሩዝ ፍሬ የምታህል፣ ከሦስት እስከ ስድስት ዓመት ላለው የአተር ፍሬ የምታህል ሳሙና ትበቃለች። ከፋቁ በኋላ አረፋውን መትፋት እንጂ አፍን በብዙ ውሃ ማጠብ አያስፈልግም፤ መድኃኒቱ አብሮ ይሄዳል።

እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ ይነሳል፦ «ፍሎራይድ አይደለም እንዴ የወንጂን ሰዎች ጥርስ ያቃጠለው?» እውነት ነው። በስምጥ ሸለቆ፣ በወንጂ፣ በመተሐራና በዝዋይ አካባቢ ጥርሳቸው ቡናማ የሆነ፣ ጠና ሲልም አጥንታቸው የተጎዳ ብዙ ሰዎች አሉ። ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው ይህን ጉዳት ለረጅም ዓመታት አጥንተዋል። ምክንያቱ ከእሳተ ገሞራ አለት ውስጥ የሚወጣው የጉድጓድ ውሃ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውሃ ያስቀመጠው ጣሪያ በሊትር 1.5 ሚሊ ግራም ፍሎራይድ ሲሆን፣ በስምጥ ሸለቆ ከዚህ በብዙ እጥፍ የሚበልጡ ጉድጓዶች አሉ። ጉዳቱን ያመጣው ጥርስ ገና ድድ ውስጥ እየተሠራ ሳለ በየቀኑ የተጠጣው ከፍተኛ መጠን ነው። ተተፍቶ የሚጣል ትንሽ ሳሙና ያንን አያደርግም።

አሜሪካዊው የጥርስ ሐኪም ፍሬድሪክ ማኬይ በሃያኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ በኮሎራዶ ተመሳሳይ ቡናማ ጥርስ ሲያጠና አንድ ነገር አስተውሎ ነበር፦ እነዚያ ጥርሶች እምብዛም አይቦረቦሩም። ትንሽ ፍሎራይድ ጥርስን እንደሚጠብቅ የታወቀው ከዚያ ተነስቶ ነው።

ቡራዩ ደጃፍ ያለው የገፈርሳ ግድብ ለአዲስ አበባ ውሃ ከሚሰጡት ቀደምት ግድቦች አንዱ ነው። የደጋ ግድብ ውሃ ፍሎራይዱ አብዛኛውን ጊዜ ዝቅተኛ ስለሆነ ጥርስን ለመጠበቅ አይበቃም፤ ሳሙናው የሚያስፈልገውም ለዚህ ነው። ከጥልቅ ጉድጓድ የሚጠጣ ሰፈር ግን የከተማውን የውሃ አገልግሎት ስለ ፍሎራይዱ መጠን መጠየቅ አለበት። ውሃን ማፍላት ተሕዋስያንን ይገድላል እንጂ ፍሎራይድን አያወጣም፤ ውሃው ሲተን እንዲያውም ይበዛል። ከስምጥ ሸለቆ መጥታችሁ ሰበታ ወይም ሱሉልታ የተቀመጣችሁ፣ ጥርሳችሁ ቡናማ የሆነ ሰዎች፣ በጨው፣ በከሰል ወይም በአሸዋ አትፈግፍጉት። ቀለሙ ከውስጥ ስለሆነ አይለቅም፤ የሚያልቀው ጥርሱ ነው።

የልጆች ጥርስ

የመጀመሪያው ጥርስ በስድስት ወር ገደማ ይበቅላል። ልክ በዚህ ዕድሜ ልጁ መዳህ ይጀምራል፤ ያገኘውን ሁሉ አፉ ውስጥ ይከታል፤ ተጨማሪ ምግብም ይጀመርለታል። በዚህ ጊዜ ተቅማጥ የሚይዘው ከእጁና ከምግቡ ጋር በገባው ጀርም ነው። በብዙ ቤት ግን ጥፋቱ በድዱ ላይ ይላከካል።

አያት ሕፃኑን አቅፈው ድዱን በጣታቸው ይዳስሳሉ። የውሻ ክራንቻው በሚወጣበት ቦታ ነጣ ያለ እብጠት ያገኛሉ። «ልጄ፣ ይኼ ግግ ነው። ካልወጣለት አይድንም፤ የባልሽንም አውጥተንለታል» ይሏታል ምራታቸውን። አያት ክፋት የላቸውም፤ ልጁን ይወዱታል። እብጠቱ ግን ሊወጣ የተዘጋጀ ጤነኛ የወተት ጥርስ ነው። በሽቦ፣ በምላጭ ወይም በጥፍር ሲቆፈር ልጁ ብዙ ደም ሊፈሰው፣ ቴታነስ ሊይዘው፣ ደሙ ሊመረዝ ይችላል። ከሥሩ ያለው የቋሚ ጥርስ እንቡጥም ይጎዳል። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ እስራኤል የገቡ ቤተ እስራኤላውያን ልጆችን የመረመሩ የጥርስ ሐኪሞች ብዙዎቹ የወተት ክራንቻ እንደሌላቸው፣ በቦታው የበቀለው ቋሚ ጥርስም በአንዳንዶቹ ላይ እንደተበላሸ ጽፈዋል። አገራችንም ውስጥ ጎጂ ልማዳዊ ድርጊቶችን ለማስወገድ የተቋቋመው ኮሚቴ የወተት ጥርስ ማውጣትንና እንጥል ማስቆረጥን በስፋት ከሚፈጸሙት መካከል መድቧቸዋል።

ምራት ለአማቷ እንዲህ ብትል ይበቃል፦ «እማዬ፣ ተቅማጡን እናስታግስለት። ጤና ጣቢያ ሄጄ ኦአርኤስና ዚንክ ላምጣ፤ እርስዎ እስክመለስ ፈሳሽ እያጠጡ ይያዙልኝ።» አያት ከሕክምናው አይገለሉም፤ ልጁም ጥርሱ አይነካም።

ጥርሱ እንደወጣ ማጽዳት ይጀመር። ልጁን ጭናችሁ ላይ አስተኙትና በወር አንድ ጊዜ ብርሃን ባለበት የላይኛውን ከንፈሩን ወደ ላይ አንሱት። ድዱና ጥርሱ በሚገናኙበት መስመር ላይ እንደ ጠመኔ የነጣ ጭረት ካያችሁ ጥርሱ ማዕድን እየጎደለው ነው። ያ ነጭ ጭረት ገና ቀዳዳ አልሆነም። ጣፋጩ ከተቀነሰና በፍሎራይድ ሳሙና ጠዋት ማታ ከተፋቀ ሊመለስ ይችላል። ወደ ቡናማ ከተለወጠ ወይም ጎድጓዳ ከሆነ ሐኪም ይየው።

«የወተት ጥርስ ነው፣ ይወድቃል» ብሎ መተው ለልጁ አይበጅም። ኋለኞቹ የወተት መንጋጋዎች እስከ አሥርና አሥራ ሁለት ዓመት ድረስ ያገለግላሉ፤ ለተተኪው ጥርስም ቦታ ይይዛሉ። ቀድመው ሲነቀሉ ጎረቤቶቻቸው ይጠጋሉ፣ ቋሚው ጥርስም ተጣሞ ይበቅላል። በስድስት ዓመት ገደማ ደግሞ ምንም ጥርስ ሳይወልቅ ከሁሉም ጀርባ አዲስ መንጋጋ ይወጣል። ብዙ ወላጅ የወተት ይመስለዋል። ቋሚ ነው፤ ዕድሜ ልክ የሚያገለግል። ልጁ የወለቀውን የወተት ጥርሱን ጣራ ላይ ሲወረውር እናንተ ያንን አዲሱን መንጋጋ ፈልጉ፤ ብሩሹ እዚያ ድረስ መድረሱንም አረጋግጡ። እስከ ሰባትና ስምንት ዓመቱ ድረስ የማታውን ፍቂያ የሚያጠናቅቀው አዋቂ ይሁን።

ልጁ ኳስ ሲጫወት ወይም ከብስክሌት ወድቆ ቋሚ የፊት ጥርሱ ሙሉ በሙሉ ቢወልቅ ጥርሱን በአክሊሉ ያዙት፤ ሥሩን አትንኩ፣ አትፈግፍጉት። ቆሻሻ ካለበት በጥቂቱ አለቅልቃችሁ መልሳችሁ ቦታው ላይ ትከሉት፤ ልጁ ጨርቅ ነክሶ ይያዘው። ይህ ካልተቻለ ቀዝቃዛ ወተት ውስጥ ጨምሩት። ሱሉልታ የወተት አገር ናትና ወተቱ ሩቅ አይሆንም። በአንድ ሰዓት ውስጥ ሐኪም ዘንድ የደረሰ ጥርስ የመትረፍ ዕድል አለው። የወለቀው የወተት ጥርስ ከሆነ ግን ተመልሶ አይተከልም።

ሳይውል ሳያድር ሐኪም ዘንድ

ለቀዝቃዛ ውሃ ወይም ለጣፋጭ ቶሎ የሚነዝር ጥርስ ሊሞላ የሚችል ጥርስ ነው። ብዙ ሰው ይህን ጊዜ በሌላው ጎን እያኘከ ያሳልፈዋል። ትንሽ ቀዳዳ በአንድ ቀጠሮ ይሞላል። ነርቭ ከተነካ ግን ሕክምናው ይረዝማል፣ ይወደዳል፤ ብዙውም በመንቀል ያበቃል። አዲስ አበባ ለመመላለስ የሚፈራው ወጪ የሚያንሰው ቀድመው ሲሄዱ ነው። ስትሄዱ መሣሪያው በሙቀት የተቀቀለ፣ መርፌውና ጓንቱ ለእናንተ የተከፈተ መሆኑን ያለ ሐፍረት ጠይቁ። ጥሩ ባለሙያ በዚህ ጥያቄ አይቀየምም።

አንቲባዮቲክ የተቦረቦረ ጥርስ አያድንም። እብጠቱን ለጊዜው ያበርዳል እንጂ የሕመሙ ምንጭ ጥርሱ ውስጥ ይቀራል። አስፕሪን ድድ ላይ ማስቀመጥ ሥጋውን ያቃጥላል። ከስምንት ዓመት በታች ላለ ልጅና ለነፍሰ ጡር ቴትራሳይክሊን ያለ ሐኪም ትእዛዝ አትስጡ፤ የሕፃኑን ጥርስ ለዘለቄታው ያጠቁራል።

እብጠቱ ወደ ዓይን ወይም ወደ አንገት ከተዛመተ፣ ትኩሳት ካለ፣ አፍ መክፈት ወይም መዋጥ ካቃተ፣ ሌሊትም ቢሆን ወደ ሆስፒታል መሮጥ ነው። አፍ ውስጥ ከሁለት ሳምንት በላይ ያልዳነ ቁስልም መታየት አለበት።

አንድ በሽታ ደግሞ ሰዓት አይሰጥም። ከኩፍኝ ወይም ከሌላ ከባድ ሕመም በቅርቡ የተነሳ፣ የከሳ ልጅ፣ በተለይ ከሁለት እስከ ስድስት ዓመት ያለው፣ ድዱ በድንገት ቆስሎ ቢደማና አፉ ክፉኛ ቢሸት ኖማ ሊሆን ይችላል። ኖማ ካልታከመ ከድዱ ተነስቶ በቀናት ውስጥ ጉንጭን ይበላል፤ አብዛኞቹን ሕፃናትም ይገድላል። በጅምሩ ከተደረሰበት ግን በአንቲባዮቲክ፣ አፍን በማጽዳትና በተመጣጠነ ምግብ ይድናል። የዓለም ጤና ድርጅት ታኅሣሥ 2016 ዓ.ም. ትኩረት ከተነፈጋቸው የሐሩር ክልል በሽታዎች ዝርዝር ውስጥ አስገብቶታል። ከበሽታው ተርፈው ፊታቸው የተጎዳ ኢትዮጵያውያንን ለቀዶ ሕክምና አዲስ አበባ ከሚያመጡት መካከል ፕሮጀክት ሐረር አንዱ ነው። እነዚያን ረጃጅም ቀዶ ሕክምናዎች አስቀድሞ ማስቀረት ይቻል የነበረው የልጁ ድድ መድማት በጀመረበት ሳምንት ነበር።

ከዛሬ ማታ ጀምሮ

በዚህ ምዕራፍ ያነሳነው ሁሉ ወደ ጥቂት ሥራዎች ይጠቃለላል። ጠዋትና ማታ ፋቁ፤ የማታውን በፍሎራይድ ሳሙና አድርጉት፣ ከዚያ በኋላም ከውሃ በቀር ምንም አትቅመሱ። ጣፋጭ ካለ ከምግብ ጋር ይሁን። ሕፃን ጡጦ አፉ ውስጥ ይዞ አይተኛ። ግግ ተብሎ የማንም ልጅ ድድ አይነካ። የሚደማ ድድ ይበልጥ ይጸዳ። የሚነዝር ጥርስ ሳያም ይታይ።

አሁን አንድ ነገር እንጠይቃችሁ። ዛሬ ማታ ልጆቹ ከመተኛታቸው በፊት በየተራ ብርሃን ሥር አስቀምጧቸውና ከንፈራቸውን አንሥታችሁ እዩ። ቀጥሎ የትዳር ጓደኛችሁን፣ እናትና አባታችሁንም ስለ ድዳቸው ጠይቁ። ያያችሁትን ልብ በሉ፤ የሚያሻውንም ይዛችሁ በዚሁ ሳምንት ወደ ጤና ጣቢያ ሂዱ። ማንም ሳያመው መሄድ ይቻላል፤ መሄድ ያለባችሁም ያኔ ነው።